የአንዲት ኩሽኔታ ጉዳይ፦ ያገለገለ ፖርሽ 996 ወይም ቦክስተር 986 ከመግዛት በፊት

ፖርሽ 911 ስም ያለው መኪና ነው። ሆኖም ከ1998 እስከ 2005 ባሉት ሞዴሎች የወጣውና በውስጥ መጠሪያው 996 የሚባለው 911 ለብዙ ዓመታት ከወንድሞቹ ሁሉ ረክሶ ሲሸጥ ኖሯል። ታናሹ ቦክስተር 986ማ ከዚያም በታች ነው። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የፊት መብራቱ ቅርጽ ነው፤ ያ የዓይን ጉዳይ ስለሆነ እንለፈው። ሌላው ግን ሞተሩ ውስጥ ያለች፣ የውጭ ስፋቷ 47 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች ኩሽኔታ (የሚሽከረከር ዘንግ የሚያርፍባት ቀለበት) ናት። እሷ ስትሰበር ሞተሩ አብሮ ይሄዳል፤ የሞተሩ ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል።

አቋማችን ከወዲሁ ይታወቅ። ኩሽኔታዋ መኪናውን ላለመግዛት በቂ ምክንያት አይደለችም፤ ሳይመረምሩ መግዛት ግን ገንዘብ መበተን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ ከየት መጣ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፖርሽ በገንዘብ ክፉኛ ተቸግሮ ነበር። ቬንደሊን ቪዴኪንግ አመራሩን ከያዘ በኋላ የቶዮታን የአመራረት ዘዴ የሚያውቁ የጃፓን አማካሪዎች ፋብሪካው ድረስ መጥተው አሠራሩን እንደገና አደራጁት። 986 እና 996 የዚያ ዘመን ውጤቶች ናቸው። ሁለቱ ከፊት መከላከያ እስከ በር ድረስ አብዛኛውን አካል ይጋራሉ፤ ሞተራቸውም የአንድ ቤተሰብ ነው፦ ኤም 96 የሚባል፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ሲሊንደሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር። ቦክስተር በ1996 በ2.5 ሊትርና በ204 የፈረስ ጉልበት ጀመረ። 911ዱ በ1997 በ3.4 ሊትርና በ300፣ ከ2002 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ በ3.6 ሊትርና በ320 የፈረስ ጉልበት ወጣ። ቱርቦ፣ ጂቲ2 እና ጂቲ3 የተባሉት 996ዎች ከውድድር መኪና የመጣ ሌላ ሞተር ስላላቸው ይህ ጉዳይ አይመለከታቸውም።

በኤም 96 ውስጥ ካም ሻፍቶቹን (የአየርና የጭስ በሮቹን፣ ማለትም ባልቦላዎቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በቀጥታ አያዞራቸውም። ከክራንክ ሻፍቱ ሥር አንድ ተጨማሪ ሻፍት ተኝቷል፤ መካኒኮች አይኤምኤስ ይሉታል፣ እዚህ መካከለኛው ሻፍት እንበለው። ክራንክ ሻፍቱ በካቴና እሱን ያዞራል፤ እሱ ደግሞ በሁለት ጫፎቹ በሚወጡ ካቴናዎች የግራውንና የቀኙን ካም ሻፍቶች ያዞራል። አንዱ ጎን ከፊት፣ ሌላው ከኋላ እንዲነዳ የተደረገው ከአንድ ቅርጽ የወጣ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ለሁለቱም ጎን እንዲያገለግል ነው፤ ወጪ ይቆጥባል።

በአየር የሚቀዘቅዙት የቀድሞ 911 ሞተሮችም መካከለኛ ሻፍት ነበራቸው። የሚሽከረከረው ግን በግፊት የሚመጣ ዘይት በሚቀባው ብሮንዚና (ኳስ የሌለው ልሙጥ ማረፊያ) ላይ ነበር፤ ያ አሠራር ዛሬም ድረስ ስም አላጠፋም። በኤም 96 ላይ የዘይት ፓምፑ ያለበት ጫፍ እንደዚያው ቀረ። በቮላኖ (በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ በሚታሰረው ከባድ ጎማ) በኩል ያለው ጫፍ ግን በግሪስ ተሞልታ፣ ግራና ቀኟ በጎማ ክዳን በታሸገች የኳስ ኩሽኔታ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። የጉዳዩ ሥር ይኸው ነው።

የታሸገች ኩሽኔታ ንጹሕና ደረቅ ቦታ ላይ ዕድሜ አላት። እዚህ ግን የምትኖረው ትኩስ የሞተር ዘይት መካከል ነው። ሙቀቱ የጎማ ክዳኑን ያደርቀዋል፤ ዘይቱ ቀስ በቀስ ሰርጎ ይገባና ግሪሱን ያጥበዋል። ክዳኑ የገባውን እንዳይወጣ፣ አዲሱም እንዳይገባ ለማድረግ ያህል ግን ይበቃል። ስለዚህ ያ ዘይት ከእርጥበት፣ ከነዳጅ ቅሪትና ከአሲድ ጋር ለዓመታት እዚያው ይከርማል። ኩሽኔታዋ ስትነቀል ማስረጃው ዓይን ላይ ይወድቃል፦ የሞተሩ ዘይት ገና ትናንት የተቀየረ ቢሆን እንኳ ከሻፍቱ ቱቦ ውስጥ ጥቁርና የሚከረፋ ዘይት ይንጠባጠባል። ኳሶቹ የሚሮጡበት ቀለበት መላጥ ሲጀምር ሻፍቱ ይወላገዳል፤ መሃል ለመሃል የያዘው ቡሎን ይበጠሳል፤ ካቴናው ጥርስ ይዘላል፤ ባልቦላና ፒስተን ይጋጫሉ። ከዚህ በኋላ ጥገና ሳይሆን ሌላ ሞተር ነው የሚፈለገው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ ብዙ ገዢ ግን ተቃራኒውን ያምናል። በጥቂቱ የተነዳ፣ ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ የከረመ፣ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ በአጭር ርቀት የሚመላለስ መኪና ለዚህች ኩሽኔታ ከሁሉ የከፋው ነው። በየጊዜው ዘይት የተቀየረለትና በረጅም መንገድ በደንብ የተነዳ ባለ 100 ሺህ ማይል መኪና፣ 25 ሺህ ማይል ብቻ ሄዶ ዘይቱ በሦስት ዓመት አንዴ ከተቀየረው የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ለዝቅተኛ ማይል ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል በዚህ መኪና ላይ ስህተት ነው።

ፍርድ ቤት የደረሰው ክርክር

በ2011 የመኪኖቹ ባለቤቶች በፖርሽ የሰሜን አሜሪካ ኩባንያ ላይ በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ዲስትሪክት ፌዴራል ፍርድ ቤት የጋራ ክስ መሠረቱ። በ2013 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። ስምምነቱ የሸፈነው ከሜይ 4 ቀን 2001 እስከ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2005 የተመረቱትን 911 እና ቦክስተር ሲሆን፣ ጉዳቱ የደረሰው መኪናው መንገድ ላይ ከወጣ 10 ዓመት ወይም 130,000 ማይል ሳይሞላው መሆን ነበረበት። ይህ ገደብ ለመጨረሻዎቹ መኪኖች እንኳ ካለፈ ቆይቷል። አንዳንድ ሻጭ “ችግር ቢመጣ ፖርሽ ይከፍላል” ይላል፤ ዛሬ የሚከፍል የለም።

ለዛሬ ገዢ የሚጠቅመው ገንዘቡ ሳይሆን በክርክሩ የወጣው ቁጥር ነው። ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ የሆነችው የመጀመሪያዋ ኩሽኔታ የመበላሸት መጠኗ ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ በኋላ የተተካችው ባለ አንድ ረድፍ ግን 8 በመቶ ገደማ ሆነ። ረድፍ ሲቀነስ ሸክሙን የሚካፈሉት ኳሶች ይቀንሳሉ። 8 በመቶ ማለት አብዛኞቹ አልተሰበሩም ማለት ነው፤ ከ12 መኪና አንዱ ሞተሩን ያጣል ማለትም ነው። ደግሞም ቁጥሩ የተሰላው መኪኖቹ ገና ወጣት ሳሉ ነበር። ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የጎማ ክዳን ደግሞ በማይል ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይደርቃል።

የትኛዋ ኩሽኔታ ውስጥ አለች?

እስከ 1999 ያሉት መኪኖች በአብዛኛው ባለ ሁለት ረድፍ አላቸው። በ2000 እና በ2001 ሁለቱም ዓይነት ተገጥሟል። ከዚያ እስከ 2005 ባለ አንድ ረድፍ ነው፤ በ2005 ማብቂያ ላይ ግን ሦስተኛ፣ ተለቅ ያለች ኩሽኔታ መግባት ጀመረች። እሷ በተተኪዎቹ ሞዴሎች ላይ እስከ 2008 ቀጠለች፤ ይበልጥ ጠንካራ ናት፣ ነገር ግን የሞተሩ ብሎክ ለሁለት ሳይከፈል አትወጣም። ስለዚህ የ2005 መኪና ላይ መጀመሪያ ማየት ነው። ቮላኖው ሲወርድ የመሃሉ ዳዶ በ13 ቁልፍ የሚፈታ ከሆነ ኩሽኔታዋ የምትቀየር ናት፤ በ22 ቁልፍ ከሆነ ትልቋ ናት። ለትልቋ የሚደረገው የውጭውን የጎማ ክዳን በጥንቃቄ አውጥቶ የሞተሩ ዘይት እንዲደርሳት ማድረግ ብቻ ነው። በ2009 የመጣው ቀጣይ ሞተር መካከለኛ ሻፍት ጭራሽ የለውም።

የሞዴሉ ዓመት የሻንሲ ቁጥሩ አሥረኛ ምልክት ላይ ይነበባል፦ 2 ካለ 2002፣ 5 ካለ 2005 ነው። የሞተር ቁጥሩንም መመልከት ግድ ነው፤ ውስጡ “AT” የሚል የላቲን ፊደል ጥንድ ካለ ሞተሩ በፋብሪካ የታደሰ ምትክ ነው። ያኔ የመኪናው ዓመት ስለ ኩሽኔታዋ ምንም አይነግርም።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

ዋናው ማስረጃ የዘይት ፊልትሮው ውስጥ ነው። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ መኪናው ሊፍት ላይ ይውጣ፤ ዘይቱ በንጹሕ ዕቃ ይፍሰስ፤ የፊልትሮው የፕላስቲክ ቤት በራሱ ቁልፍ ይከፈት። የወረቀቱን እጥፋት ከላይ ከላይ ማየት አይበቃም፤ ወረቀቱ በቢላ ተቆርጦ፣ እጥፋቱ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ጠንካራ ብርሃን ሥር መታየት አለበት። ማግኔት የሚስበው የሚያብረቀርቅ ብናኝ ብረት ነው፤ የኩሽኔታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ማግኔት የማይስበው ብናኝ አሉሚኒየም ነው፤ ያ ወደ ፒስተንና ሲሊንደር ያመለክታል። ጥቁር ጎማ መሰል ስባሪ ከኩሽኔታዋ ክዳን የመጣ ሊሆን ይችላል። ቡናማ የፕላስቲክ ቁራጭ ግን ካቴናው ከሚንሸራተትበት መሪ ፕላስቲክ የወጣ ነው፤ መልበሱን ይናገራል እንጂ ኩሽኔታዋን አይከስም። ቢቻል ከሞተሩ በታች ያለው የዘይት ቋትም ወርዶ ይታይ፤ ከባዱ ነገር የሚዘቅጠው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ኮምፒውተር ይገጠም። ዱራሜትሪክ በሚባለው መሣሪያ ወይም በፖርሽ የራሱ መመርመሪያ ካም ሻፍቶቹ ከትክክለኛ ቦታቸው ያላቸው ልዩነት በዲግሪ ይነበባል። ሞተሩ ሞቆ ቆሞ ሲሠራ ሁለቱም ጎን በፕላስና ማይነስ 6 ዲግሪ ውስጥ መሆን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባሉበት መርጋት አለባቸው። ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ የሚዘል ከሆነ ሻፍቱ ረግቶ አልተቀመጠም። በዚያው የዙር መዝገቡም ይታይ። አንደኛው እርከን ሞተሩ ከፍተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ራሱ የገታው ነው። ሁለተኛው ከዚያ ያለፈ፣ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ማርሽ ቅየራ የመጣ ነው፤ እዚያ ላይ የተመዘገበ ነገር ካለ ማብራሪያ ይጠየቅ።

ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ በእነዚህ መኪኖች የተለመደ ነው። ከክራንክ ሻፍቱ የኋላ ኦይል ሲል (የዘይት ማኅተም) ወይም ከኩሽኔታዋ ሽፋን ሊሆን ይችላል። ብቻውን የሞት ምልክት አይደለም፤ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። የዘይቱ ክዳን ሞተሩ እየሠራ ሲከፈት በኃይል ተስቦ አልላቀቅ ካለ የዘይት ጭስ መለያው ተበላሽቷል፤ ሲነሣ የሚወጣ ነጭ የጭስ ደመናም ይህንኑ ይናገራል። የውሃ ፓምፑና የውሃ ማጠራቀሚያው ታንክ መቼ እንደተቀየሩ ይጠየቅ። የፊት መከላከያው ክፍተቶች ውስጥ የታጨቀ ቅጠል ካለ ራዲያተሮቹ እየበሰበሱ ነው።

ሻጩ ፊልትሮውን ማስከፈት እምቢ ካለ፣ ወይም “ኩሽኔታዋ ተቀይራለች” ብሎ ደረሰኝ ካላሳየ፣ እንዳልተቀየረች ቆጥሮ መደራደር ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል

ኩሽኔታዋን ለመድረስ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው መውረድ አለባቸው። አብዛኛው የጉልበት ዋጋ ይህ ስለሆነ ሥራው ከፍሪሲዮን ቅየራ ጋር አንድ ላይ ሲሆን ነው ትርጉም የሚኖረው። ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ የተቃረበ መኪና መግዛት በዚህ ሂሳብ አያስከፋም።

ቅደም ተከተሉን ማዛባት ሞተሩን ያስበላል። ክራንክ ሻፍቱ በፑሊው በኩል ፒስተኑ ጫፍ በሚደርስበት ከላይኛው ነጥብ ላይ ይደረግና በፒን ይቆለፋል። በቴስታታው ጫፍ ያሉት አረንጓዴ የፕላስቲክ ክዳኖች ወጥተው ካም ሻፍቶቹ በራሳቸው መቆለፊያ ይያዛሉ። ከዚያ ሦስቱም የካቴና መወጠሪያዎች ይወጣሉ። ውጥረቱ ሳይለቀቅ የኩሽኔታዋ ሽፋን ከተፈታ ሻፍቱ ወደ ጎን ይጎተታል፤ ካም ሻፍቱ ሳይቆለፍ ከሆነ ደግሞ የካሙ ጊዜ ይዛባል፤ ሞተሩ ሲነሣ ባልቦላዎቹ ይጣመማሉ። ገንዘብ ለመቆጠብ መቆለፊያውን የሚተው ጋራዥ ካለ መኪናውን ይዞ መውጣት ነው።

የመሃሉ ዳዶና የሽፋኑ ሦስት ቡሎኖች ይፈታሉ። ባለ ሁለት ረድፏ በቀለበት መያዣ ስለታሰረች መጀመሪያ ቀለበቱ ይወጣል። ባለ አንድ ረድፏን የሚይዛት ከውስጥ የተደበቀ ሽቦ ነው፤ የኩሽኔታ መጎተቻው በኃይል አልፎት ይወጣል። በመዶሻና በመፈንቀያ መሞከር የሻፍቱን አፍ ያበላሻል። የወጣችው ኩሽኔታ በጣት ትሽከርከር፦ ለስላሳ ሆና ብዙም ካልተንቀጠቀጠች ሥራው ይቀጥላል። ኳስ ከጎደላት ወይም የሚቆራረጥ ስሜት ካላት፣ በፊልትሮውም ብረት ከተገኘ፣ አዲስ መግጠም ሞተሩን አያድነውም። ብናኙ የዘይት ፊልትሮው ማለፊያ ባልቦላ ሲከፈት አልፎ ብሮንዚናዎቹ ጋ ደርሷል። ያ ሞተር መከፈትና መታጠብ አለበት።

የምትገባው ኩሽኔታ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የሴራሚክ ኳስ ያላት፣ የሞተሩ ዘይት እንዲደርሳት በአንድ ጎን ክፍት የሆነች ምትክ ናት፤ ኤልኤን ኢንጂነሪንግ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በዚህ ይታወቃል። ሌላው የሞተሩ ዘይት በግፊት እየተሳበለት ወደ ብሮንዚና አሠራር የሚመልስ ዕቃ ነው፤ ይወደዳል፤ መኪናውን ለረጅም ጊዜ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን የበሽታውን ሥር የሚነቅለው እሱ ነው። ለአጭር ጊዜ ለሚነዳ የሴራሚኳ ትበቃለች፤ ይሁንና እሷም የምትቀየርበት ገደብ ስላላት የተገጠመችበት ቀንና ማይል ይመዝገብ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ተራ የታሸገች ኩሽኔታ መልሶ መክተት ግን ያንኑ ችግር እንደ አዲስ መጀመር ነው።

አዲሷ በማቀዝቀዣ ትቀዝቅዝና በመግጠሚያ መሣሪያዋ ቀጥ ብላ ትገባለች። የሽፋኑ ማኅተምና ቡሎኖች አዲስ ይሁኑ። የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ኦይል ሲልም ይቀየር፤ አዲሱ ዓይነት ዘይት ሳይቀባ በደረቁ ነው የሚገባው። ቮላኖው በአዲስ ቡሎኖች በ25 ኒውተን ሜትር ይጠበቅና 90 ዲግሪ ይጨመርበታል። መወጠሪያዎቹ ተመልሰው መቆለፊያዎቹ ከወጡ በኋላ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ የካም ሻፍቶቹ ምልክት እንደገና ይታይ። ይህን ማረጋገጫ ዘሎ ቁልፍ ማዞር አይገባም።

ኩሽኔታዋ የምትሸፍነው ሌላ በሽታ

የዚህች ኩሽኔታ ዝና ብዙ ገዢ ሌላውን እንዳያይ አድርጓል። የሲሊንደር ግድግዳ መቧጨር፣ በተለይ በ3.6 ሊትሩ ላይ፣ ዛሬ ልምድ ያላቸው መካኒኮች ከኩሽኔታዋ እኩል የሚፈሩት ነው። ሲሊንደሮቹ የብረት እጅጌ የላቸውም፤ አሉሚኒየም ውስጥ በተቀበረ ሲሊከን ነው የሚሠሩት። የፒስተኑ ሽፋን ሲለበስ ሁለቱ ይፋተጋሉ። ከ4 እስከ 6 ያሉት ሲሊንደሮች በብዛት ይጠቃሉ። ምልክቶቹ ሞተሩ ሲሞቅ የሚሰማ ቷ ቷ የሚል ድምፅ፣ ዘይት መብላትና ከሁለቱ የጭስ ማውጫዎች በአንዱ ብቻ የሚበዛ ጥላሸት ናቸው። ስድስቱም ካንዴላዎች ወጥተው በትንሽ ካሜራ ግድግዳው ይታይ፤ ቋቱ ከወረደ ደግሞ ከታች በኩል ማየት የበለጠ ይገልጣል። ቀጥ ብለው የወረዱ ጥልቅ ጭረቶች ካሉ ያ መኪና ኩሽኔታዋ ደኅና መሆኗ አያድነውም። የቦክስተሩ 2.7 ሊትር በዚህ በኩል ብዙም አይታማም፤ በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው የምንመክረው እሱን ነው።

ከቨርጂኒያ ወይም ከሜሪላንድ ገዝቶ ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብ ቢኖር፣ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች አይሆንም።

ከገዙ በኋላ

ፖርሽ በመጽሐፉ ያስቀመጠው የዘይት መቀየሪያ ርቀት ለዚህ ሞተር ረዝሟል። በ8,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስድስት ወር፣ የቱ ቢቀድም፣ ፖርሽ ኤ40 ብሎ ያጸደቀው 0ደብልዩ-40 ወይም 5ደብልዩ-40 ዘይት ይግባ። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ባለው ተተክቶ በ50 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ፤ ፊልትሮው በእያንዳንዱ ቅየራ ተቆርጦ ይታይ፤ ያየነውም ከነፎቶው ይቀመጥ። መኪናው ሲሸጥ ያ የፎቶ መዝገብ ከማንኛውም ቃል በላይ ዋጋ ያስጠብቃል። ሞተሩን ሳይሞቅ ከ3,000 ዙር በላይ አለማስጮህ፣ ከሞቀ በኋላ ግን ዙር አለመንፈግ ነው፤ በአምስተኛና በስድስተኛ ማርሽ በ1,500 ዙር መንፏቀቅ ለዚህ ሞተር ዕረፍት አይደለም።